ማንም ጎንበስ ብሎ ያላየልኝ ጥቁር ነጥብ

በቀን አምስት ጊዜ እግሬን አጥባለሁ። ስለዚህ በግራ እግሬ መርገጫ ላይ፣ ከትንሿ ጣት ዝቅ ብሎ የወጣውን ጥቁር ነጥብ መጀመሪያ ያየሁት እኔው ነኝ። ለሱብሂ ሶላት ውዱእ ሳደርግ ጭቃ መስሎኝ ፈተግኩት፤ አልለቅ አለ። የምስር ፍሬ ቢያክል ነው። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ ላይ «ደብቀሽው ነው እዚህ ያደረስሽው» ያሉኝ ሰዎች ስለበዙ ነው። አልደበቅኩም። ሁለት ዓመት ያህል እግሬን ላገኘሁት ሁሉ ሳሳይ ነው የኖርኩት። ጎንበስ ብሎ ያየ ግን አልነበረም።

ዘሃራ እባላለሁ፣ የአልዩ አምባ ሰው ነኝ። ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፤ ያኔ ስልሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ባሌ ከሞተ ወዲህ በርበሬና ጥጥ በአህያ ጭኜ ዳገቱን ወደ አንኮበር አወጣለሁ፤ ከዚያ ደግሞ ባቄላና ገብስ ይዤ እወርዳለሁ። ሌላ መተዳደሪያ አልነበረኝም። ከአንድ ልጄ ከአህመድና ከሚስቱ ከፋጡማ ጋር በአንድ ግቢ እንኖር ነበር። ሁለት የልጅ ልጆችም አሉኝ። እግሬ ደህና እስከሆነ ድረስ የማንንም እጅ አላይም ነበር።

ነጥቧ አታምም፣ አታሳክክም። ክፋቷም እዚህ ላይ ነው። የሚያም ነገር ሰው ያስጮሃል፤ የማያም ነገር ግን ዝም ያሰኛል። ክረምቱ አልፎ በርበሬ ሲለቀም የባቄላ ፍሬ አክላ ነበር። ዳሯ እንደ ሌላው የቆዳ ምልክት ክብ አይደለም፤ በወረቀት ላይ ፈስሶ እንደ ሰረገ ቀለም ወዲያና ወዲህ ወጣ ገባ ያለ ነው። ቀለሟም አንድ አልነበረም። መሐሏ ጥቁር፣ ዳርና ዳሯ ቡናማ፣ በአንድ በኩል ደግሞ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነበር። ፋጡማ እሾህ ገብቶ ቀርቶ ነው አለች። ወጌሻ ጠርታልኝ በመርፌ ሲቆፍረኝ ዋለ። እሾህ አላገኘም፤ «በስብሶ ቀልጧል» ብሎ ሄደ። ሼሃችን ዱዓ አደረጉልኝና ከዱዓው ቀጥሎ ሐኪም ዘንድ እንድሄድ መከሩኝ። ሄድኩ። ስለመሄዴ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ነገር የለም፤ የሚያናድደኝ የሄድኩበት ነው።

የክሊኒኩን ስም አልጠራም። ፈርቼ አይደለም፤ የዚያን ጊዜ ብዙ ክሊኒክ እንደዚያው ስለነበረ ነው። ከጎህ ጀምሬ ዳገት ወጥቼ ስደርስ አግዳሚ ወንበሩ ሞልቷል፤ ከግድግዳው ሥር ተቀመጥኩ። ተራዬ ሲደርስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ጤና ረዳቱ የልጄ እኩያ ነው። ምን ሆነሽ ነው አለኝ። እግሬ ላይ ጥቁር ነገር ወጥቶ እያደገ ነው አልኩት። ከወንበሩ አልተነሣም። ጫማሽን አውልቂ እንኳ አላለኝም። ዕድሜዬን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

«እርጅና ነው» አለኝ እየጻፈ። «ቆዳ ሲያረጅ ይጠቁራል።»

ፊቴ ለምን አልጠቆረም ብዬ ልጠይቀው አስቤ ነበር። ከመንግሥት ሰው ጋር ክርክር በማይወደድበት ጊዜ ስለነበር ያዘዘልኝን ክኒን ይዤ ወረድኩ።

ሁለተኛ ስሄድ እኔው ራሴ ኮንጎ ጫማዬን አውልቄ እግሬን አነሣሁለት። ነጥቧ መሐሏ ላይ አበጥ ብላ ነበር። ከሩቅ አየና ኪንታሮት ነው አለ። የሚያቃጥል ፈሳሽ በጥጥ ቀባት። ለሳምንት ያህል መርገጥ አቃተኝ፤ ከዚያ ቅርፊቱ ተላቀቀና ቁስል ሆነ። ያ ቁስል አልደረቀም። ሦስተኛ ስሄድ ቁስሉ መርዟል ብሎ ፔኒሲሊን አዘዘልኝ። ለዐሥር ቀን መርፌ ለመወጋት በየቀኑ ያንን ዳገት በቁስል እግሬ ወጣሁ። አንኮበር ያለች ወዳጄ ወይዘሮ አስካለ ከአምስተኛው ቀን በኋላ እዚሁ እደሪ ብላ ቤቷ አስቀመጠችኝ። አስካለ የቄስ ባለቤት ነበረች፤ ባሏ ካረፉ ቆይቷል። ሃያ ዓመት በርበሬዬን የምትቀበለኝ እሷ ነች። እኔ የክርስቲያን ሥጋ እንደማልበላ ስለምታውቅ ምስርና ሽሮ ትሠራልኛለች፤ የምሰግድበትንም ጥግ ራሷ ጠርጋ ነው የምትለቅልኝ።

መርፌው አለቀ፣ ቁስሉ አልዳነም። በዚያን ጊዜ በከተማችን የመሠረተ ትምህርት ይሰጥ ነበር። አሮጊት ሽማግሌ ሳይባል ሁላችንም አግዳሚ ላይ ተደርድረን ፊደል እንቆጥራለን። በዚያ ዕድሜዬ ማንበብ መቻሌ ደስ ይለኝ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን አጠገቤ የምትቀመጠው ሴት ተነሥታ ሌላ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። በማግስቱ ደግሞ ሌላዋ። ቁስሌ መሽተት ጀምሮ ኖሯል። በየቀኑ አጥበዋለሁ፣ በንጹሕ ጨርቅ አስረዋለሁ፤ ሽታው ግን አልጠፋም። ማንም ምንም አላለኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አራተኛ ጊዜ ወደ ክሊኒኩ ስሄድ ጤና ረዳቱ እግሬን በእርሳስ ጫፍ ነካ አደረገው። ከዚያ ወረቀት አውጥቶ ጻፈ፣ ማኅተም መታ፣ አጥፎ ሰጠኝ። ለቀበሌሽ ስጪ አለኝ። ምን እንደሆንኩ ብጠይቀው፣ እዚያ ይነግሩሻል አለ። ማንበብ እንደምችል አልጠረጠረም። መንገድ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ወረቀቱን ዘረጋሁት። ፊደሉን አንድ በአንድ እያነሣሁ ከስሜ ቀጥሎ ያለውን አነበብኩ። ሥ፣ ጋ፣ ደ፣ ዌ። መልሼ አነበብኩት። «በሥጋ ደዌ የተጠረጠረች ስለሆነ ከሰው እንዳትቀላቀል» ይላል።

ያን ቀን ያ ድንጋይ ላይ ለምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጥኩ አላውቅም። የዙህርና የዐስር ሶላት ሁለቱም አለፉኝ። ካነበብኩት ይልቅ ያንገበገበኝ ሌላ ነገር ነበር። ከጤና ረዳቱ ራስ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ስለ ሥጋ ደዌ የሚያስተምር ትልቅ ሥዕል ተለጥፏል። ተራ ስጠብቅ በክፍቱ በር በኩል ፊደል ለመለማመድ ብዬ ከላይ እስከ ታች አንብቤዋለሁ። በሽታው ሲጀምር በቆዳ ላይ ነጣ ያለ ምልክት ያወጣል፣ ምልክቱ ሲነኩት አይሰማም ይላል። የኔ ጥቁር ነው። የኔ በዚያን ጊዜ ድንጋይ ሲነካው እስከ ጉልበቴ ይወጋኝ ነበር። የመሠረተ ትምህርት ተማሪ አሮጊት ያነበበችውን እሱ ከሥሩ ተቀምጦ አላነበበውም።

ወረቀቱን ቀድጄ መጣል እችል ነበር። ከልጅ ልጆቼ ጋር አንድ ቤት ስለምኖር ግን ፈራሁ፤ ለሊቀመንበሩ ሰጠሁት። እሱም በእሑዱ የቀበሌ ስብሰባ ላይ፣ እኔ ከኋላ ቆሜ፣ «ለኅብረተሰቡ ጤንነት ሲባል» ብሎ አነበበው። ከቦኖው ውኃ እንዳልቀዳ፣ ገበያ እንዳልወጣ፣ ትምህርቱንም እንዳቋርጥ ተወሰነ። እጅ አውጡ ተባለና እጅ ወጣ። ልጄ አህመድም መሐላቸው ነበር። እጁን አላወጣም፤ ግን ቃል አልተናገረም።

ከዚያ ቀን ወዲያ ፋጡማ ሳህኔንና ኩባያዬን ለየች። አልጋዬ በርበሬ ወደማስቀምጥበት ክፍል ተዛወረ። ልጆቹ ወደ በሩ ሲመጡ ትጠራቸዋለች። በፋጡማ ብዙ ጊዜ ተቆጥቻለሁ፤ ዛሬ ቁጣዬ ቀንሷል። እሷ ለልጆቿ ፈርታ ነው፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተነቦላት ነው። በልጄ ግን ለረጅም ጊዜ አልበረደልኝም። ማታ ማታ በሩ ላይ ቆሞ «እማዬ፣ ምን ይምጣልሽ?» ይላል። አይገባም። እኔም «ምንም» እለዋለሁ።

ወደ አዲስ አበባ ሄጄ ልታከም የይለፍ ወረቀት ጠየቅኩ። ያኔ ያለ ቀበሌ ወረቀት ከአውራጃ ወጥቶ መንገድ መሄድ አይቻልም። ሊቀመንበሩ አይሆንም አለ። የሥጋ ደዌ በሽተኞች በወር አንድ ቀን ደብረ ብርሃን ዳር ይታከማሉ፣ ከዚያ ውጪ አልፈርምም አለኝ። አማራጭ ስላልነበረኝ ለዚያው ተፈረመልኝ። አህያዬን ሸጥኩና ዳገቱን ወጣሁ።

አስካለ ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ አልገባም አልኳት፤ ቀበሌው ምን እንደወሰነብኝ ነገርኳት። እጄን ይዛ አስገባችኝ። በራሷ ኩባያ ወተት ሰጠችኝ፣ ግማሹን ስተው ተቀብላ ጠጣችው። በማግስቱ በጭነት መኪና ወደ ደብረ ብርሃን ስሄድ የደረበችልኝን በርኖስ እስከ ዛሬ አልመለስኩላትም፤ አልቀበልም ብላ ነው። እኔ የቆላ ሰው ነኝ። የዚያ ሜዳ ብርድ መኪናው ላይ አጥንቴ ድረስ ገባ።

የሥጋ ደዌው ሕክምና የሚሰጠው በአንድ ባሕር ዛፍ ሥር ነው። ሰዉ መሬት ላይ ተሰልፎ ተቀምጧል። ጣት የሌላቸው፣ ዓይናቸው የማይከደን፣ እግራቸው በጨርቅ የተጠቀለለ። ከእነርሱ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ቁስል የሚያጥቡት አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጋሽ ተክሌ ይባላሉ። እሳቸውም በልጅነታቸው በዚያ በሽታ ተይዘው የዳኑ ናቸው፤ የሁለቱም እጃቸው ጣቶች አጥረዋል። ተራዬ ደርሶ እግሬን ሊይዙ እጃቸውን ሲዘረጉ ሰብሰብ አደረግኩት። አስቤ አይደለም፤ እግሬ በራሱ ተሰበሰበ። ሰዎች በእኔ ላይ ያደረጉትን እኔም በእሳቸው ላይ አደረግኩ። ይህን የምጽፈው ቁጣዬን በሌላው ላይ ብቻ እንዳላፈስ ነው።

ጋሽ ተክሌ አልከፋቸውም፤ ወይም ለምደውታል። ጠበቁኝ። እግሬን መልሼ ስዘረጋ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ጥጥ በትንሹ አሹለው ዓይኔን እንድጨፍንና ሲነኩኝ እንድናገር አዘዙኝ። ጣቴን ነኩ፤ ተሰማኝ አልኩ። ተረከዜን ነኩ፤ ተሰማኝ። ከቁስሉ ዳር ነኩ፤ እሪ አልኩ። ከዚያ ጎንበስ አሉ። አፍንጫቸው እግሬን ሊነካ እስኪደርስ ጎንበስ አሉ። እግሬን ወደ ፀሐይ አዞሩት። ከቁስሉ ውጪ ባለው ቆዳ ላይ ለብቻቸው የወጡ ሁለት ትንንሽ ጥቁር ነጥቦችን ያዩት እሳቸው ናቸው፤ እኔ እንኳ አላየኋቸውም ነበር።

«እህቴ» አሉኝ፣ «ይህ የኛ በሽታ አይደለም። የኛ አያምም፤ ይህ ያማል። የኛ ይነጣል፤ ይህ ይጠቁራል። አርባ ዓመት እግር አጥቤአለሁ፤ እንዲህ ያለ አንድ ብቻ ነው ያየሁት። ያንን ሰውዬ ከኛ ጋር ሲያመላልሱት ኖረው ሞተ። አንቺ ዛሬውኑ ቀዳጅ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለብሽ።»

አለቀስኩ። ሥጋ ደዌ አለመሆኑን ሰምቼ በደስታ እንዳይመስላችሁ። ሁለት ዓመት ስፈልገው የነበረው ነገር ጎንበስ የሚልልኝ አንድ ሰው ብቻ ስለነበረ ነው።

ጋሽ ተክሌ ነርሱን ጠሩት። ነርሱ ሥራ በዝቶበታል፣ በሚመጣው ወር ትታይ አለ። ሽማግሌው እግሬን ከጉልበታቸው ላይ አላወረዱም፤ ካልጻፍክላት የሚቀጥለውን ሰው አላጥብም አሉት። እነዚያ ሁሉ በሽተኞች መሬት ላይ ተቀምጠው ጠበቁ፤ አንድም ያጉረመረመ የለም። ነርሱ መጣ፣ አየ፣ ጻፈ። በዚያ ወረቀት ወደ አዲስ አበባ የሚያሳልፈኝን ይለፍ አገኘሁ።

አዲስ አበባ በሆስፒታሉ ኮሪደር አራት ቀን ተሰልፌ ነው አልጋ ያገኘሁት። ሐኪሙ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ «እማማ» እያለ ነው የሚያነጋግረኝ። ከቁስሉ ጥቂት ሥጋ ቆርጦ በማጉያ መሣሪያ ለሚመረምሩት ላከ። ውጤቱ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ተኛሁ። እንቅልፍ አልነበረኝም። አጠገቤ የተኛችው የወላይታ ሴት አማርኛዋ ጥቂት ነው፤ ስገላበጥ ስትሰማኝ እጇን በአልጋዎቹ መሐል ዘርግታ እጄን ትይዘኛለች። ከዚህ በላይ አልተነጋገርንም።

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ነቀርሳ ነው፣ ካንሰር የሚባለው፣ የቆዳ ነቀርሳ ነው አለኝ። ሜላኖማ ይሉታል። ለቆዳችን ጥቁረት የሚሰጠው ነገር ከልክ በላይ እያበደ ሲያድግ የሚመጣ ነው። ብዙ ጊዜ የማይገጥም፣ ሲገጥም ግን የሚገድል፣ ሰው ዕድሜው ሲገፋ የሚበረታ ነው። እንደኛ ያለ ጥቁር ሰው ሲይዘው ፀሐይ በማያየው ቦታ ይወጣል፤ በውስጥ እግር፣ በመዳፍ፣ በጥፍር ሥር። በጥፍር ሥር ሲሆን እንደ ጥቁር መስመር ይጀምራል፤ ሰው ድንጋይ መትቶኝ ነው ብሎ ይተወዋል። መጀመሪያ ላይ ብመጣ ኖሮ ያቺን ነጥብ ከነዙሪያዋ ቆርጦ መጨረስ ይበቃ ነበር አለኝ።

«መጥቼ ነበር» አልኩት። «ባቄላ ስታክል መጥቻለሁ።»

አንገቱን ደፋ። ያ ሰው ጥፋቱ የሱ አልነበረም፤ አንገቱን የደፋው ግን እሱ ብቻ ነው።

ሁለቱ ትንንሽ ጣቶቼና የእግሬ የውጪው ጎን መቆረጥ ነበረባቸው። ብሽሽቴንም ዳብሶ አንድ እብጠት አገኘ፤ በሽታው ከእግር ሲነሣ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ስለሆነ እሱም ይወጣል አለ። የቤተሰብ ፊርማ ያስፈልግ ነበርና ወደ አህመድ ተላከ። መጣ። ሐኪሙ ፋሻውን ፈትቶ አሳየው። ልጄ እግሬን ያየው ያኔ ነው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ። አልጋው ሥር ተንበረከከ።

«እማዬ፣ እኔም እንደነሱ አመንኩ» አለኝ።

«አምነሃል» አልኩት። ይቅር ብዬሃለሁ አላልኩም፤ ያን ቀን አልሆነልኝም። ፈረመ። ቀዶው በተደረገበት ቀን ከጠዋት እስከ ማታ በሩ ላይ ቆሞ እንደዋለ የነገረችኝ ያቺ የወላይታ ሴት ነች።

ከጭኔ ቆዳ ገፍፈው እግሬ ላይ ለጠፉ። ጭኔ ከእግሬ ይልቅ አመመኝ። ከብሽሽቴ የወጣው እብጠት ሲመረመር ነጻ ሆነ፤ ያበጠው በቁስሉ መመረዝ ነው ተባለ። ሐኪሙ ይህን ሲነግረኝ፣ ዕድለኛ ነዎት፣ ግን በየጊዜው ብሽሽትዎን እየዳበሱ ይኑሩ አለኝ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ደስ ያለኝ ቀን ያ ነው። የተናደድኩበትም ቀን ያ ነው፤ ምክንያቱም ለጥቂት መትረፌ ገባኝ። ያ ጥቂት ደግሞ የሌላ ሰው ስንፍና ሊበላው ደርሶ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ በምርኩዝ ደብረ ብርሃን ደረስኩ። ጋሽ ተክሌ እንደምመጣ ሰምተው ከመኪና ጎማ የተሠራ ጫማ አዘጋጅተውልኝ ነበር፤ የጎደለው ጎን በስስ ጎማ ተሞልቷል፣ ውስጡ ለስላሳ ነው። ራሳቸው አጠለቁልኝ። እግሬን አልሰበሰብኩም። እስቲ ሄደሽ አሳዪኝ አሉኝ፤ ዛፉን ዞርኩ። ተሰልፈው የነበሩት ሰዎች እልል አሉ።

አልዩ አምባ ስገባ ሊቀመንበሩ መንገድ ላይ አግኝቶ እንኳን ደህና መጣሽ አለኝ፤ ምንም እንዳልተደረገ። ሆስፒታሉ የሰጠኝን ወረቀት አወጣሁ፤ በሽታዬ ሥጋ ደዌ እንዳልነበረና ወደ ሰው የሚተላለፍ እንዳልሆነ ተጽፎበታል። የመጀመሪያውን ወረቀት በስብሰባ እንዳነበብክ ይህንንም አንብበው አልኩት። የዕለቱ አጀንዳ ሌላ ነው አለኝ። እሑድ ስብሰባው ገብቼ ከፊት ተቀመጥኩ። ሲጀመር ተነሥቼ ራሴ አነበብኩት። ቀስ ብዬ ነው የማነብበው፤ ረጅም ጊዜ ፈጀ። ሊቀመንበሩ ሁለት ጊዜ አቋርጪ አለኝ። አላቋረጥኩም። ስጨርስ ያቺ መጀመሪያ ከአግዳሚዬ የተነሣችው ሴት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ፋጡማ ያን ማታ እራት ስታቀርብ ሳህኔ አልተለየም። ስለዚህ ነገር እኔና እሷ እስከ ዛሬ አልተነጋገርንም፤ የታመመውን እግሬን ግን ለወራት ያጠበችው እሷ ነች።

ይኸው ስንት ዓመት አለፈ፤ ያ መንግሥትም ሄደ፣ እኔ አለሁ። ዳገቱን አልወጣም፤ ቤቴ ደጃፍ ላይ በርበሬ እሸጣለሁ። ዕድሜያችሁ የገፋ እናቶችና አባቶች፣ የምለምናችሁ ነገር የለም፤ የምቆጣችሁ ነገር ግን አለ። ውስጥ እግራችሁን እዩ። መዳፋችሁንና የጥፍራችሁን ሥር እዩ። አዲስ ጥቁር ነገር ወጥቶ ካደገ፣ ዳሩ ወጣ ገባ ከሆነ፣ ቀለሙ ከተቀላቀለ፣ ወይም አንድ ቁስል በወር ውስጥ አልድን ካለ፣ እርጅና ነው ብሎ የሚያሰናብታችሁን አትስሙት። እርጅና በአንድ እግር አይመጣም። ሐኪሙ ካልተነሣ እናንተ ከፊቱ አትነሡ። ልጆችም፣ ወረቀት ከማመናችሁ በፊት የእናታችሁን እግር እዩ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። በምርኩዝ መሄድ እንደቻልኩ አህመድ በበቅሎ ወደዚያ ክሊኒክ ወሰደኝ። ላስታርቅሽ ቢለኝም፣ ለመታረቅ አይደለም፣ ላሳየው ነው ብዬ ነው የሄድኩት። እንደማንኛውም ሰው ተራ ጠበቅኩ። ስገባ ጤና ረዳቱ ምን ሆነሽ ነው አለኝ። አላስታወሰኝም። አራት ጊዜ ያየኝ፣ ከሰው የለየኝ ሰውዬ አላስታወሰኝም። ስሜን ነገርኩት፤ መዝገቡን ገልጦ አገኘው። እርጅና፣ ኪንታሮት፣ የመረዘ ቁስል፣ ሥጋ ደዌ፤ አራቱም በእጁ ጽሕፈት ተደርድረዋል። ከዚያ የጎማ ጫማዬን አውልቄ እግሬን ጠረጴዛው ላይ፣ በመዝገቡ ላይ አስቀመጥኩት።

ፊቱ ተለወጠ። እንዲህ ያለ ነገር በጥቁር ሰው ላይ እንዳለ አልተማርንም አለኝ። እውነቱን ሊሆን ይችላል። እኔ ያልተማርከውን አልጠየቅኩህም አልኩት፤ ጎንበስ ብለህ እንድታይ ነው የጠየቅኩህ፤ ለዚያ ትምህርት አያስፈልግም። ምን ይመስል እንደነበር ከመጀመሪያው ነጥብ ጀምሬ ነገርኩት። ጻፈው። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም ይቅር አላልኩትም።

ምርኩዜን ይዤ ስወጣ ከኔ ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ ገቡ። ሳል ይዟቸው ነው የመጡት፤ አግዳሚው ላይ አብረን ስንጠብቅ ነግረውኛል። በሩ ላይ ቆም አልኩ። ወንበሩ ሲሳብ ሰማሁ፤ ሰውዬው ተነሥቷል።

«አባቴ» ሲል ሰማሁት፣ «እስቲ መጀመሪያ ጫማዎን ያውልቁ።»